መንገድ መሪ ካርታ ያለበትን የመኪና ቴፕ ስለ መምረጥ

ሰው ለቤቱ አንድ ዕቃ ለመግዛት ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ነገር የዕቃው ማማር ሳይሆን ዕቃው በቤቱ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ምን እንደ ሆነ ነው። ይህ ነገር ለምጣድም፥ ለአልጋም፥ ለመኪናም እኩል የተገባ ነው። ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናቀርብ የፈቀድነው በመኪና ክሩስኮት ውስጥ ስለሚገባው፥ ዜናና ዘፈን ከማሰማቱ በላይ በካርታ መንገድን ስለሚመራው መሣሪያ ነው። ሕዝቡ ከካሴት ዘመን በተረፈው ልማድ ዛሬም «ቴፕ» ይለዋል፤ እኛም የተለመደውን ስም ይዘን እንሄዳለን።

ነገሩ ለቤተ ሰብ ዓምድ የሚገባ መሆኑን ምክንያቱ ያስረዳል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፥ ቀድሞ የገባችውን አሮጌ መኪና ይዞ የሚኖረው ቤተ ሰብ መኪናውን ከመለወጥ ይልቅ ማደስ ቀልሎታል። ከሚታደሰውም ነገር ሁሉ ቴፑ ልጆች የሚለምኑት፥ ሻጭ የሚያሞግሰው፥ ገንዘብም በብዙ የሚጠፋበት ሆኗል። ስለዚህ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ተማክረው ሊወስኑት የሚገባ እንጂ አንዱ ብቻውን ከገበያ ሄዶ የሚያመጣው ዕቃ አይደለም።

እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምናገለግል ስንሆን፥ ከባለቤታችን ጋር በዕቁብ ገንዘብ የገዛናት አንዲት አሮጌ ቪትዝ አለችን። መኪናይቱ በጃፓን አገር ተሠርታ፥ በዱባይ በኩል መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የመጣች ናት። መሪዋ ቢዛወርም ቴፕዋ ግን ጃፓናዊ እንደ ሆነ ቀርቶ ነበር። የያዘው ካርታ የጃፓንን መንገድ እንጂ የአዲስ አበባን መንገድ አያውቅም፤ የተጻፈበትም ፊደል በቤታችን አንባቢ አልነበረውም። የሚመራውም ድምፅ እጅግ ትሑት ይመስላል፤ ዳሩ ግን ምን እንደሚል የሚነግረን ሰው አላገኘንም።

ከዚህም የባሰው የራዲዮው ነገር ነው። በጃፓን አገር የኤፍ.ኤም. ራዲዮ የሚሠራበት ሞገድ ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ሲሆን፥ ኋላ እስከ 95 ደርሷል። በአገራችን ግን ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ነው። እንግዲህ ኤፍ.ኤም. አዲስ 97.1፥ ፋና 98.1፥ ሸገር 102.1 ሁሉም ከዚያ አሮጌ ራዲዮ ጆሮ በላይ ናቸው። ሞገዱን ዝቅ አድርጎ የሚያቀብል «ባንድ ኤክስፓንደር» የሚባል ትንሽ ዕቃ በገበያ ይገኛል፤ ነገር ግን ቍጥሩ ስለሚዛባና ጣቢያዎቹን ሁሉ ስለማያዳርስ እንደ ጊዜያዊ ጥገና የሚቈጠር ነው። ጃፓን ሠራሽ መኪና ያለው ሰው አዲስ ቴፕ ለመግዛት ከሁሉ የሚቀድመው በቂ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በቤታችን ጉዳዩ ለምክር በቀረበ ጊዜ ሦስት ሐሳብ ተገኘ። ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላው ታላቁ ልጃችን፥ «አባዬ፥ ከተገዛ አይቀር ትልቁ፥ ባለ ዐሥር ኢንቹ ይሁን፤ ፊልምም ያሳያል» አለ። ባለቤታችን በበኩልዋ፥ «ለኔ ራዲዮውና የኋላ ካሜራው ይበቃኛል፤ ሕፃናት ያሉበት ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው» አለች። እኛ ግን የፈለግነው ካርታውን ነበር። የሦስታችንም ፍላጎት የየራሱ ምክንያት ስለ ነበረው ከአንድ ወር ደመወዝ የሚበልጠውን ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት አንድ በአንድ መረመርነው።

እኛን ካርታ ያስፈለገን ስለ ቅንጦት አይደለም። አማታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት በፒያሳ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት በዚያ ያሉ አሮጌ ሰፈሮች ሲነሡ እሳቸው ወደ የካ አባዶ ሄዱ፤ ጎረቤቶቻቸውም በከተማይቱ ዳርቻ ወዲያና ወዲህ ተበተኑ። አርባ ዓመት በአንድ አጥር የኖሩ ሰዎች፥ አንዱ ሲታመም ሌላው በእግሩ ገብቶ ይጠይቀው የነበረው፥ ዛሬ ለመጠያየቅ ሁለትና ሦስት ታክሲ መያዝ ግድ ሆነባቸው። ዕድራቸው ግን አልፈረሰም፤ ማኅበራቸውም አልቀረም። ስለዚህ በእሑድ ቀን አማታችንን ይዘን ቀድሞ ስሙን እንጂ መንገዱን ወደማናውቀው ሰፈር መሄድ የዘወትር ሥራችን ሆነ።

የከተማችን አድራሻ ነገር ደግሞ የታወቀ ነው። በሥራችን እንደምናየው በመጥሪያ ላይ ክፍለ ከተማ፥ ወረዳና የቤት ቍጥር ይጻፋል፤ ዳሩ ግን መጥሪያ አድራሹ ቤቱን የሚያገኘው በቍጥሩ ሳይሆን፥ «ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ፥ ከአረንጓዴው በር አጠገብ» በሚለው ቃል ነው። ወፍጮ ቤቱ የተነሣ፥ በሩም የተቀባ እንደ ሆነ ቃሉ ይጠፋል። በአንጻሩ በካርታ ላይ የተመለከተ ነጥብ ቀለም ቢለወጥ አይለወጥም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ፥ ከግሪንዊች በስተ ምሥራቅ በ38 ዲግሪ ከ44 ደቂቃ ገደማ እንደምትገኝ ሁሉ፥ እያንዳንዱም በር የራሱ ቍጥር አለው። ሰዎች ዛሬ «ሎኬሽን ላኩልኝ» ብለው በስልክ የሚቀባበሉት ይህንኑ ቍጥር ነው።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ከአማታችን የቀድሞ ጎረቤቶች አንዲቱ ዐረፉ። ወሬው የደረሰን በምሽት፥ ዝናብ እየጣለ ነበር። አማታችን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ያለቅሳሉ፤ ባለቤታችን ከጎናችን ስልኩን ይዛ ካርታውን ታነብልናለች። ነገር ግን የለቅሶው ወሬ ገና እየተዛመተ ስለ ነበረ ስልኩ በየደቂቃው ይጮኻል፤ በጮኸም ቍጥር ካርታው ከፊታችን ይሰወራል። ሟቿ ከሚኖሩበት ሰፈር ስንደርስም ካርታው ያቆመን ከኮንዶሚኒየሙ አጥር በስተ ጀርባ ሆነ፤ በሩ በየት በኩል እንደ ሆነ፥ ብሎኩም የትኛው እንደ ሆነ ካርታው አያውቅም። በመጨረሻ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ጃንጥላ ይዞ ከፊታችን እየሄደ አደረሰን። አማታችን ከዚያ ሌሊት ወዲህ፥ «ልጄ፥ እኔ እንኳ የሞትሁ እንደ ሆነ ሰዎቼ የሚያገኙኝ አይመስለኝም» ይሉ ነበር። ይህ ንግግር በልባችን ስለ ቀረ ካርታ ማለት ለኛ ጨዋታ አልሆነም።

አሁን ወደ መሣሪያው ጠባይ እንመለስ። በመኪና ውስጥ ራዲዮ ለገበያ መቅረብ የጀመረው ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ በአሜሪካ የጋልቪን ወንድማማቾች «ሞቶሮላ» ብለው የሰየሙትን የመኪና ራዲዮ ያወጡት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1930 ነው። መንገድ የሚያመለክተው መሣሪያ ግን ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት ያህል ቈይቶ መጣ። የጃፓኑ ሆንዳ በ1981 ያወጣው መሣሪያ ያለ ሳተላይት፥ የመኪናውን መዞር በሚለካ ጋይሮስኮፕ ይሠራ ነበር። በ1985 በአሜሪካ የወጣው «ኢታክ» የተባለውም ካርታውን የሚያነበው ከካሴት ላይ ነበር። እንግዲህ ሕዝባችን መሣሪያውን «ቴፕ» ማለቱ ፍጹም ስሕተት አይደለም፤ ካርታውም አንድ ጊዜ በቴፕ ኖሯልና።

የዛሬው መሣሪያ ግን ቦታውን የሚያውቀው ከሳተላይት ነው። ጂ.ፒ.ኤስ. የሚባለው የአሜሪካ አሠራር ቢያንስ 24 ሳተላይቶች ሲኖሩት፥ ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በቀን ሁለት ጊዜ ምድርን ይዞራሉ። መሣሪያው ከአራት ሳተላይቶች የሚመጣውን የሰዓት ምልክት ተቀብሎ፥ ምልክቱ በመንገድ የቈየበትን ከአንድ ሰከንድ ዐሥረኛ እጅ ያነሰ ጊዜ በማስላት የቆመበትን ቦታ ያውቃል። የሩስያው ግሎናስ፥ የአውሮፓው ጋሊሌዮ፥ የቻይናውም ቤይዱ እንዲሁ ያገለግላሉ፤ ብዙዎቹን የሚቀበል መሣሪያ በረጃጅም ሕንጻዎች መካከል እምብዛም አይደናገርም።

ከዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ሳተላይቱን ለመስማት ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ክፍያም የለበትም፤ መሣሪያው ይሰማል እንጂ ወደ ሳተላይት አይናገርም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ካርታውን ለማምጣትና የመንገዱን መጨናነቅ ለማወቅ ነው። ስለዚህ ካርታው አስቀድሞ በመሣሪያው ውስጥ የተቀመጠ እንደ ሆነ፥ ኔትወርክ በሌለበት ገጠር እንኳ መንገዱን ይመራል። ሻጭ «ያለ ሲም ካርድ ጂ.ፒ.ኤሱ አይሠራም» ቢል ወይም አላወቀም ወይም ሌላ ነገር ሊሸጥ ፈልጓል።

በገበያ ላይ ያሉት ቴፖች በካርታ አያያዛቸው በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ካርታው ከፋብሪካ ተጭኖበት የሚመጣ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ሥራው የተረጋጋ ቢሆንም ካርታውን የሚያድስለት ከሌለ በየዓመቱ ያረጃል። መንገድ እንደ አዲስ አበባ በፍጥነት በሚለወጥበት ከተማ የ2015 ዓ.ም. ካርታ ዛሬ የሌለ ሰፈር ያሳያል፤ የተከፈተውንም አዲስ ጎዳና አያውቅም። ሁለተኛው «አንድሮይድ ቴፕ» የሚባለው ሲሆን እንደ ስልክ የተለያዩ ካርታዎች ይጫኑበታል፤ ካርታውን በቤት ዋይፋይ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል። ሦስተኛው የራሱ ካርታ ሳይኖረው የስልክን ካርታ በስክሪኑ ላይ የሚያሳይ ነው፤ አፕል ካርፕሌይ ከ2014፥ አንድሮይድ አውቶም ከ2015 ጀምሮ በፈረንጆች አቈጣጠር ለዚህ አገልግሎት ወጥተዋል። በዚህኛው ካርታው ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ ጥሪ ሲመጣም መንገዱ እንደ ታየ ይቈያል፤ ነገር ግን የስልኩ ባትሪ ያለቀ፥ ወይም ስልኩ ከሌላው የቤተ ሰብ ሰው ጋር የሄደ እንደ ሆነ ቴፑ ካርታ አልባ ይሆናል።

እንደኛ ባለ ቤት፥ አንዱ መኪና በሁለትና በሦስት ሰው በሚነዳበት፥ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓይነት በአንድነት ያሉበትን መምረጥ ይሻላል። የራሱን ካርታ ይዞ ይቀመጣል፤ ስልክም ሲገናኝ የስልኩን ያሳያል።

ስለ ስክሪኑ ትልቅነት ልጃችን ያቀረበውን ሐሳብ በንቀት አላለፍነውም። ትልቅ ስክሪን ፊደሉ ጎልቶ ስለሚታይ ጥቅም አለው። ነገር ግን ስክሪን ዐይንን የሚጠራ ነገር ነው። መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሁለት ሰከንድ ውስጥ 33 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም አሽከርካሪው ስክሪኑን ሲያይ በጭፍን የሚያልፈው መንገድ ነው። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2013 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ባወጣው መመሪያ፥ በመኪና ውስጥ ያለ መሣሪያ አንድን ሥራ ለማከናወን የአሽከርካሪውን ዐይን በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰከንድ፥ በጠቅላላው ከዐሥራ ሁለት ሰከንድ በላይ ከመንገድ ሊያነሣው አይገባም ብሏል። እግረኛውና አህያው፥ ባጃጁና አውቶቡሱ በአንድ ጎዳና በሚሄዱባት አገራችን ይህ ልክ ይበዛል እንጂ አያንስም።

ስለዚህ ለልጃችን እንዲህ አልነው፦ የመኪና ስክሪን የሚመረጠው በሚያሳየው ብዛት ሳይሆን ሳይታይ በሚያገለግለው መጠን ነው። ድምፅ ማሳነሻው የሚዞር ቍልፍ ቢሆን እጅ በዳሰሳ ያገኘዋል፤ በስክሪን ላይ የተሣለ ቍልፍ ግን ካላዩት አይገኝም። መንገዱን በድምፅ የሚናገር ካርታ ከሚያምር ካርታ ይበልጣል። ፊልሙንም በተመለከተ፥ ብዙዎቹ ቴፖች ከእጅ ፍሬን ጋር የሚገናኝ አንድ ሽቦ አላቸው፤ መኪናው ቆሞ የእጅ ፍሬን ካልተሳበ በቀር ፊልም እንዳይታይ ይከለክላል። አንዳንድ ገጣሚዎች ደንበኛን ለማስደሰት ይህን ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር አያይዘው መከላከያውን ያጠፉታል። አባወራ ሆይ፥ ይህ በመኪናህ እንዳይደረግ በፊትህ አስሠራ። ልጃችን ጥቂት አኰረፈ፤ ነገር ግን ነገሩ በቍጥር ስለ ተነገረው ራሱ አስልቶ 33 ሜትሩን ካገኘው በኋላ አልተከራከረም።

የባለቤታችን ሐሳብ ደግሞ ከሁላችንም የበለጠ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ግቢ ብዙ ቤተ ሰብ በሚኖርበት ስፍራ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ከኋላው የተጎነበሰ ሕፃን በመስታወት አይታይም። በአሜሪካ አገር ይህንኑ አደጋ ለመቀነስ ከ2018 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ አውቶሞቢል ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው በሕግ ታዝዟል። ካሜራውን ለማስገጠም ቴፑ የካሜራ መግቢያ እንዲኖረውና ከኋላ ማርሽ መብራት ጋር የሚገናኘው ሽቦ እንዲያያዝ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ማርሹ ወደ ኋላ እንደ ገባ ስክሪኑ ወዲያው ከኋላ ያለውን ያሳያል። ከካርታም ከዘፈንም በፊት ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ይህ ነው። ሆኖም ካሜራ የሰውን ጥንቃቄ አይተካም፤ ሕፃናት ባሉበት ግቢ ከመኪና ወርዶ ዞሮ ማየት እንደ ቀድሞው ግዴታ ነው።

እንግዲህ ዕቃውን ለመግዛት ወደ ሶማሌ ተራም ሆነ ወደ ሌላ ገበያ የሚሄድ ሰው የሚከተለውን ቢያስተውል ይጠቀማል።

አንደኛ፥ የክሩስኮቱን ቀዳዳ ለክቶ ይሂድ። ለቴፕ የተወሰነው ዓለም አቀፍ ልክ «ነጠላ ዲን» የሚባለው ወርዱ 180 ቁመቱ 50 ሚሊ ሜትር፥ «ደብል ዲን» የሚባለው ደግሞ ወርዱ 180 ቁመቱ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ግን ወርዱ 200 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፥ በልኩ የተሠራ ቴፕ ወይም ክፍተቱን የሚሸፍን ክፈፍ ያስፈልጋል። ክሩስኮቱን በሞረድ አስፍተው የሚያስገቡትን አይፍቀድላቸው።

ሁለተኛ፥ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አይመን። «50 ዋት በአራት» የሚለው ለአፍታ የሚደርስበት ከፍተኛ ኀይል ነው፤ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ቴፕ ሳይንጫጫ ዘወትር የሚሰጠው ለአንድ ድምፅ ማጉያ ሃያ ዋት ገደማ ነው፤ ለቤተ ሰብ መኪናም ይበቃል። አንድሮይድ ቴፕ ከሆነ ራም የሚባለው የሥራ ማስታወሻው ከ2 ጊጋ ባይት እንዳያንስ ይመልከት፤ አነስተኛው ካርታና ራዲዮ በአንድ ጊዜ ሲከፈቱበት ይዘገያል። ቍጥሩንም ከካርቶኑ ሳይሆን ካርታውን በፊቱ አስከፍቶ በመፈተን ይወቅ።

ሦስተኛ፥ ስክሪኑን ከሱቁ ጥላ አውጥቶ በፀሐይ ይየው፤ በቀትር የማይታይ ካርታ ካርታ አይደለምና። ራዲዮውንም እስከ 108 የሚደርስ መሆኑን በጆሮው ያረጋግጥ።

አራተኛ፥ ሽቦው በትክክል መያያዙን ይጠይቅ። በተለመደው አሠራር ቢጫው ሽቦ ዘወትር ከባትሪ ኀይል ያገኛል፤ ቀዩ ቍልፍ ሲዞር ብቻ ኀይል ያገኛል፤ ጥቍሩ ከመኪናው ብረት ጋር ይያያዛል። ቢጫውና ቀዩ የተለዋወጡ እንደ ሆነ ቴፑ መኪናው በጠፋ ቍጥር ሰዓቱንና ጣቢያውን ይረሳል። ሁለቱም በአንድነት ከዘወትሩ ኀይል የተያያዙ እንደ ሆነ ደግሞ ቴፑ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ስለሚያድር ጧት መኪናው አይነሣም። የጂ.ፒ.ኤሱም አንቴና ከብረት በታች ሳይሆን ከፊት መስታወቱ ሥር ሰማይ በሚያይበት ስፍራ ይቀመጥ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ በችኮላ የተገጠመ ቴፕ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

አምስተኛ፥ ይህ ከሥራችን የተማርነው ነው፤ ደረሰኝና የዋስትና ጽሑፍ ይቀበል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ገዥውንም ደግሞ ዕቃውን በተቀበለ ጊዜ ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለት ቢያገኝ ለሻጭ እንዲያስታውቅ ያዝዘዋል። «ከዛሬ ነገ እመልሰዋለሁ» እያለ የቈየ ሰው መብቱን በገዛ እጁ ያዳክማል። የሚቀበለውም ጽሑፍ የዕቃውን ዓይነትና ቍጥር፥ ቀኑንና ዋስትናው የሚቈይበትን ጊዜ የሚገልጽ ይሁን። በቃል የተሰጠ ዋስትና በገበያ ይጣፍጣል፤ በችሎት ግን ምስክር ያጣል።

እኛም በዚህ ሁሉ ተመካክረን ባለ ሰባት ኢንች፥ የሚዞር ቍልፍና የኋላ ካሜራ ያለውን ገዛን። አማታችን በመጀመሪያው ቀን ሸገርን ከፍ አድርገው ሰምተው፥ «ይህ የጃፓኑ ሰውዬ አማርኛ ለመደ» ብለው አሳቁን።

የካርታው ነገር ግን ከዕቃው ጋር ተገዝቶ የሚያልቅ አልነበረም። ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባለው፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2004 የተጀመረው ካርታ፥ በዓለም ዙሪያ ያሉ ፈቃደኞች በነጻ የሚሠሩት ስለ ሆነ፥ ማንም ሰው የሚያውቀውን መንገድና ቤት ሊጨምርበት ይችላል፤ ኢንተርኔት ሳይኖር የሚሠሩ ብዙ የመንገድ መሪዎችም ከእርሱ ላይ ይቀዳሉ። ትልቁን ስክሪን ያጣው ልጃችን ይህን ባወቀ ጊዜ ኵርፊያውን ተወ። በአንድ እሑድ አያቱ የሚኖሩበትን ሰፈር በእግሩ እየዞረ የብሎኮቹን ቍጥር፥ የአጥሩን በር፥ ወደ በሩ የሚያስገባውን የኮብልስቶን መንገድ በማስታወሻው ጻፈ፤ ማታም በካርታው ላይ አሰፈረው። ሥራው ሲታይ ጥቂት መስመርና ቍጥር ነው። ነገር ግን በሌላ ሳምንት ከወዲያኛው የከተማ ዳርቻ አንዲት የማኅበር እኅታቸው በልጃቸው መኪና ተጭነው፥ ማንንም ሳይጠይቁ ከአማታችን ብሎክ ሥር ደረሱ። አማታችን ከፎቅ ሆነው አይተዋቸው፥ «እንግዲህ ተገኘሁ ማለት ነው» አሉ።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ካርታ የሚያውቀው አንድ ሰው የነገረውን ብቻ ነው። ሳተላይቱ የት እንደ ቆምን ይነግረናል፤ ከዚያ ስፍራ ያለውን በር፥ በበሩም ውስጥ ያለውን ሰው ሊያውቅ ግን አይችልም። ስለዚህ ከገበያ ቴፕ ስትመርጡ፥ ዐይናችሁን ከመንገድ የማያነሣውን፥ ከኋላችሁ ያለውን ሕፃን የሚያሳያችሁን፥ የአገራችሁን ራዲዮ የሚሰማውን፥ ካርታውም በየጊዜው ሊታደስ የሚችለውን ምረጡ። ገዝታችሁም ስታበቁ ልጆቻችሁ የሰፈራችሁን መንገድ በካርታው ላይ እንዲያሰፍሩ አድርጉ። ጎረቤት ከጎረቤት በተራራቀበት በዚህ ጊዜ፥ አንድን ቤት በካርታ ላይ ማመልከት ለዘመድም፥ ለሐኪም መኪናም፥ ለለቅሶ ደራሽም በር እንደ መክፈት ነው።